ስቴሮይድና የቁጣው ተረት

በ2007 ጁን ወር (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት ፖሊሶች ፌየትቪል ወደሚገኝ አንድ ቤት ገቡ። ቤቱ የዝነኛው ካናዳዊ ሬስሊንግ ተጫዋች የክሪስ ቤንዋ ነበር። ሚስቱ ናንሲ፣ የ7 ዓመት ልጁ ዳንኤልና ራሱ ቤንዋ ሞተው ተገኙ። ሁለቱን ገድሎ በመጨረሻ ራሱን ያጠፋው እሱ ነው። ቤቱ ሲፈተሽ ስቴሮይድ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ የላቦራቶሪ ውጤት የሚጠብቅ ማን አለ? የአሜሪካ ቴሌቪዥኖች ለሳምንታት አንድ ነገር ብቻ አወሩ፤ መርፌው ሰውየውን አሳበደው፣ በስቴሮይድ ቁጣ ቤተሰቡን ጨረሰ።

ውጤቱ ከሳምንታት በኋላ ወጣ። የጆርጂያ ዋና የአስከሬን መርማሪ ዶክተር ክሪስ ስፔሪ በቤንዋ አካል ውስጥ ከተፈጥሮው እጅግ የበዛ ቴስቶስትሮን እንዳገኙ ተናገሩ። ይህ የሆርሞን ብዛት ሰውን ወደ እንዲህ ያለ እብደት እንደሚነዳ የሚያረጋግጥ ሳይንሳዊ መረጃ እንደሌለም አክለው ገለጹ። ሁለተኛውን ነገር የሰማቸው ጥቂት ነው። ግድያው በአንድ ቅጽበት የፈነዳ ንዴት እንዳልነበረ፣ ከዓርብ እስከ እሑድ በሦስት ቀን ውስጥ ተራ በተራ እንደተፈጸመም ብዙ ሰው ልብ አላለም። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር የቤንዋን አንጎል የመረመሩ ሐኪሞች ደግሞ ሌላ ነገር ይዘው መጡ። ለዓመታት ጭንቅላቱ ላይ ባረፈው ምት የተነሳ አንጎሉ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። እሱም ቢሆን የግድያው ምክንያት መሆኑ አልተረጋገጠም፤ የአንድን ሰው የመጨረሻ ሦስት ቀን በማይክሮስኮፕ ማንበብ አይቻልም። ተረቱ ግን በዚያው ቀረ፤ ስቴሮይድ ያሳብዳል ተባለ።

ይህ ተረት እኛም ዘንድ ሳይሸራረፍ ደርሷል። አዲስ አበባ ውስጥ ስቴሮይድ አንጎልን ምን ያደርጋል ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ጂም ረግጦ የማያውቀውም ሰው «ቁጡ ያደርጋል፤ ያሳብዳል» ብሎ ይመልስላችኋል። ጋዜጣውም፣ ሬዲዮውም፣ አንዳንዴ ሐኪሙም ከዚህ አያልፍም። የእኔ ክርክር ከዚህ ላይ ይጀምራል። የቁጣው ታሪክ በማስረጃ ደረጃ ደካማ ነው፤ በማስጠንቀቂያነቱም ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ላም ባልዋለበት ኩበት ስንለቅም ትክክለኛው ጉዳት ከኋላችን ያልፋል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላጥራ። እዚህ የማወራው ቴስቶስትሮንን ስለሚመስሉ፣ ጡንቻ ስለሚያሳድጉ ስቴሮይዶች ነው፤ ናንድሮሎን፣ ስታኖዞሎል፣ ዲያናቦልና የመሳሰሉት። ሐኪም ለአስምና ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚያዝዛቸው ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ሌላ ቤተሰብ ናቸው። አንዳንዱ «ልወፍር» ብሎ ዴክሳ ይውጣል፤ የእሱ መዘዝ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ወደ ማስረጃው ልመለስ። የቁጣውን ማንቂያ ደወል ከደወሉት ዋነኛው የሃርቫርዱ የሥነ አእምሮ ሐኪም ሃሪሰን ፖፕ ነው። በ1988 ከባልደረባው ካትዝ ጋር ስቴሮይድ የወሰዱ 41 ስፖርተኞችን አነጋግሮ፣ ከአምስቱ አንድ ያህሉ በሚወስዱበት ወቅት ከባድ የስሜት መቃወስ እንደገጠማቸው፣ ጥቂቶቹም ከእውነታ ጋር እስከ መለያየት እንደደረሱ ጻፈ። ጽሑፉ ዓለምን ዞረ። ነገር ግን ይህ ቃለ መጠይቅ እንጂ ሙከራ አልነበረም። ሰዎቹ ቀድሞውንም ምን ዓይነት ሰዎች ነበሩ? ሌላስ ምን ይወስዱ ነበር? በዚህ መንገድ መለየት አይቻልም።

ለመለየት ደግሞ ሙከራ ያስፈልጋል። በ1996 ሻለንደር ባሲንና ባልደረቦቹ 43 ጤነኛ ወንዶችን ከፋፍለው ለገሚሱ በሳምንት 600 ሚሊግራም ቴስቶስትሮን፣ ለገሚሱ ባዶ መርፌ ለ10 ሳምንታት ወጉ። ማን ምን እንደተወጋ ተወጊው አያውቅም። ጡንቻው አደገ፤ ስፖርት ባልሠሩት ላይ እንኳ አደገ። ጠባያቸው ግን አልተለወጠም። ከአራት ዓመት በኋላ ራሱ ፖፕ ተመሳሳይ ሙከራ አደረገ። እስከ 600 ሚሊግራም ከወሰዱት 50 ወንዶች 42ቱ ላይ ይህ ነው የሚባል ነገር አልታየም። 6ቱ ትንሽ ከፍ ከፍ አሉ። 2ቱ ብቻ በግልጽ ተቀየሩ፤ ከልክ ያለፈ ጉልበት፣ ከልክ ያለፈ በራስ መተማመን፣ ቁጣ። ደወሉን የደወለው ሰው ራሱ፣ ያገኘው ውጤት ከደወሉ ዝቅ ያለ ሆኖ ሳለ ሳይሸሽግ አወጣው። ለዚህ አከብረዋለሁ።

ስዊድን ውስጥ ደግሞ በ2015 የወጣ ጥናት ከ10,000 በላይ ወንዶችን ተመለከተ። ስቴሮይድ የወሰዱት ከሌሎች ይልቅ በኃይል ወንጀል የተፈረደባቸው ሆነው ተገኙ። ሌሎች አደንዛዥ ዕፆችን መጠቀማቸው ሲሰላ ግን ግንኙነቱ ሟሟ። ማለትም መርፌው የሚገኘው ብዙ ጊዜ ከመጠጥ፣ ከኮኬይንና ከአምፌታሚን ጋር ነው፤ ጥፋቱን ሁሉ ለእሱ ብቻ ስናሸክመው ሌሎቹ ተሸፍነው ያልፋሉ።

የሚቃወሙኝ ሰዎች እዚህ ጋ የሚያነሱት ነገር አለ፤ ትክክልም ነው። 600 ሚሊግራም የሕክምናው መጠን ስድስት እጥፍ ቢሆንም ለጂሙ ዓለም ልከኛ ነው። በሳምንት 1,000 ሚሊግራም የሚያልፉ፣ ሦስት አራት ዓይነት የሚያደባልቁ አሉ፤ ያንን መጠን በሰው ላይ ልሞክር ቢል የሚፈቅድለት የሥነ ምግባር ኮሚቴ የለም። ስለዚህ ቁጣው ጨርሶ የለም አልልም። ከ50ው ሁለቱ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሚስት ይኖራቸዋል፣ ልጅ ይኖራቸዋል። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር የምትኖር ሴት የኔን ስሌት አትፈልግም፤ መውጫ ነው የምትፈልገው። ማን እንደሚቀየር ቀድሞ ማወቅም አይቻልም። ክርክሬ ሌላ ነው። አብዛኛው ተጠቃሚ አይቆጣም፤ እኛ ደግሞ ማስጠንቀቂያችንን በሙሉ ቁጣ ላይ ሰቅለነዋል።

«ታዲያ ቢጋነንስ ምን አለበት? ፈርቶ የሚተው አንድ ወጣት ቢገኝ ትርፍ ነው» የሚሉኝ አሉ። ከተቃዋሚዎቼ ክርክር ሁሉ ጠንካራው ይሄ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብዬ ልመልስ።

ቦሌ አካባቢ ካለ አንድ ጂም ውስጥ ከአንድ ወጣት ጋር ወግ ይዘን ነበር። የቲሸርቱ እጅጌ ክንዱ ላይ ተወጥሮ ስፌቱ ሊፈታ ደርሷል። ምን እንደሚወስድ ለመደበቅ አልሞከረም፤ ከውጭ በሻንጣ የሚመጣ ነው አለኝ።

«ጋሼ፣ ሰው እኮ ያሳብዳል ይላል። እኔ ይሄ ሦስተኛ ዙሬ ነው። እናቴ እንኳን ‹ዘንድሮ ጠባይህ ተስተካከለ› ነው የምትለኝ።»

«ስታቆምስ?»

«ማቆም? አሁን ምኑን አቆመዋለሁ! ገና ቀጭን እኮ ነኝ።»

ተረታችን ያስተማረው ይህንን ነው። ልጁ ይቆጣል ተብሎ ጠበቀ፤ አልተቆጣም። እንዲያውም በዙሩ ወቅት፣ ማለትም መርፌውን በሚወስድባቸው ሳምንታት፣ ደስተኛ፣ ብርቱ፣ ለሰው ቅን ሆነ። ስለዚህ የነገሩት ሁሉ ውሸት ነው ብሎ ደመደመ፤ ስለ ልቡ፣ ስለ ጉበቱ፣ ስለ ደም ስሩ የሚነገረውንም ጨምሮ። እንዲህ ያለው ነገር ከዚህ በፊትም ሆኗል። በ1977 የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ ስቴሮይድ ጡንቻና ጉልበት ለመጨመሩ በቂ ማስረጃ የለም ብሎ በይፋ አወጀ። ክብደት የሚያነሳ ሰው ሁሉ ግን በገዛ ዓይኑ ያየው ነገር ነበር፤ ከምሥራቅ አውሮፓ የሚመጡትን ሴት ተወዳዳሪዎች ትከሻም ሁሉም አይቶታል። ኮሌጁ በ1980ዎቹ ቃሉን አሻሻለ፤ እምነቱ ግን ከሄደ በኋላ ነበር። ፖፕና ባልደረቦቹ በ2004 ያወጡት ጥናት የዚህን ዋጋ ያሳያል። ካነጋገሯቸው ተጠቃሚዎች 40 በመቶው ስለ ስቴሮይድ ከሐኪም ባላነሰ ሻጩን ያምናሉ። ከግማሽ በላዩ ደግሞ መውሰዳቸውን ለማንም ሐኪም ተናግረው አያውቁም።

ልጁ በመጨረሻ ያላት ቃል ናት ከሁሉ የምታስፈራኝ፤ ገና ቀጭን ነኝ።

በ1993 እነ ፖፕ የሰውነት ግንባታ ስፖርተኞችን ሲያነጋግሩ እንግዳ ነገር ገጠማቸው። አብዛኛው ሰው በመንገድ ላይ ዞሮ የሚያያቸው ግዙፍ ወንዶች ራሳቸውን ኮስማና አድርገው ያዩ ነበር። በበጋ ሙቀት ሰፊ ሹራብ ደርበው ሰውነታቸውን ይደብቃሉ። ባሕር ዳርቻ አይሄዱም፤ ሸሚዝ ማውለቅ ያሳፍራቸዋል። ከምግብ ራሷን እየከለከለች አጥንቷ ቀርቶ «ወፍሬአለሁ» የምትል ልጅ የያዛት በሽታ ተገልብጦ እነሱ ላይ ተቀምጧል። ይህ ሕመም ዛሬ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ ቦታ ተሰጥቶታል፤ የ2013ቱ እትም ከሰውነት ምስል መዛባት ጋር አብሮ ይዘረዝረዋል። በዚህ የተያዘ ሰው አይጮኽም፣ ዕቃ አይሰብርም። ሥራ ትቶ ጂም ይገባል፤ ሠርግ ቢጠሩት የምሳው ሰዓት ስለሚያልፍ ይቀራል፤ እጮኛው ትሄዳለች። ጎረቤት ሲያየው ዲሲፕሊን ያለው ልጅ ነው። የትኛው የቁጣ ማስጠንቀቂያ ነው እሱን የሚያገኘው?

ሌላው ሱስ ነው። «ስቴሮይድ እኮ አያሰክርም፣ እንዴት ሱስ ይሆናል?» ይባላል። የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዋ ሩት ዉድ ሃምስተር የተባሉትን ትናንሽ እንስሳት ቴስቶስትሮንን ራሳቸው ወደ አንጎላቸው የሚያስገቡበት መሣሪያ ውስጥ አኖረች። እንስሳቱ ጡንቻ አያምራቸውም፤ መስታወት የላቸውም። ግን ደጋግመው ወሰዱ፤ አንዳንዶቹ እስኪሞቱ ወሰዱ። ሲሞቱም ትንፋሻቸው እየቀዘዘ፣ ሰውነታቸው እየቀዘቀዘ ነው፤ ሄሮይን የበዛበት ሰው እንደሚሆነው። የሄሮይንን ሥራ የሚያግደው ናልትሬክሶን ሲሰጣቸው መውሰዱን ቀነሱ። በሰው ላይ የተደረጉት ጥናቶች ሲደመሩ ደግሞ ከተጠቃሚዎች 30 በመቶ ገደማው ጥገኛ እንደሚሆን ያመለክታሉ። ሰውየው ጉዳቱን እያወቀ፣ ልቡ እየተቸገረ፣ ትዳሩ እየፈረሰ አያቆምም።

የማያቆምበት ዋናው ምክንያት ደግሞ ማቆም ራሱ ነው። እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ከሁሉም በላይ ልንነጋገርበት የሚገባን እሱ ስለሆነ።

አንጎል ውስጥ ሃይፖታላመስ የሚባለው ክፍል በደም ውስጥ ያለውን ቴስቶስትሮን ሳያቋርጥ ይለካል። ከውጭ በመርፌ ሲጎርፍለት «በቂ አለ» ብሎ ትእዛዙን ያቋርጣል፤ ፒቱታሪ ዕጢም ዝም ይላል፤ የዘር ፍሬው ሥራ ፈትቶ ይኮማተራል። መርፌው በቆመ ጊዜ ፋብሪካው ወዲያው አይነሳም። አንዳንዱ በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ አንዳንዱ ከዓመት በላይ ይወስድበታል፤ ብዙ ዓመት የተጠቀመው ደግሞ ወደ ቀድሞው ላይመለስ ይችላል። በመሃሉ ያለው ጊዜ ባዶ ነው። እንቅልፍ ይጠፋል፣ ወሲብ ይረሳል፣ ከአልጋ መነሳት ዳገት ይሆናል። በዚህ ላይ ገና ቀጭን ነኝ ሲል የነበረው ሰው ጡንቻው ሲሟሽሽ በየጠዋቱ መስታወት ውስጥ ያየዋል። አንዳንዱ ዓይነት፣ ለምሳሌ ናንድሮሎን ዲካኖኤት፣ ከሰውነት ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ድባቴው የሚመጣው በማግስቱ ሳይሆን ሳምንታት ቆይቶ ነው። ያን ጊዜ ቤተሰቡ «እሰይ፣ ተወው» ብሎ ተኝቷል።

ቴይለር ሁተን የቴክሳስ ፕላኖ ከተማ የቤዝቦል ተጫዋች ነበር፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ገና አልጨረሰም። ስቴሮይድ ጀመረ። አባቱ ዶን ሁተን በኋላ እንደተናገሩት ቤተሰቡ ቁጣውንም አይቷል፤ ይናደዳል፣ ከዚያ ያለቅሳል፣ ይቅርታ ይጠይቃል። ልጁ መውሰዱን አቆመ። ከሳምንታት በኋላ፣ በ2003 ጁላይ፣ ራሱን አጠፋ። አባትየው በ2005 በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርበው መሰከሩ፤ ዕድሜያቸውንም ሌሎች ወላጆችን ለማስጠንቀቅ ሰጡ። በሳይንሱ ዘንድ ጥንቃቄ ያሻል። ልጁ በዚያ ሰሞን የድባቴ መድኃኒት ይወስድ ስለነበር ጥፋተኛው ይህ ነው ብሎ መማል አይቻልም። ነገር ግን የዚህ ታሪክ ቅደም ተከተል ለማንኛውም እናት ሊነገር ይገባል። ቁጣው ታይቶ አልፏል፤ ሞቱ የመጣው ቤቱ ጸጥ ካለ በኋላ ነው።

ቀስ ብሎ የሚመጣውን ደግሞ ኖርዌጂያኖች እያጠኑት ነው። የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ተመራማሪዎች በ2017 ስቴሮይድ የሚወስዱ ወይም ወስደው የነበሩ 82 ወንዶችን፣ ክብደት እያነሱ ምንም ከማይወስዱ 68 ወንዶች ጋር አነጻጸሩ። የተጠቃሚዎቹ የአንጎል ቅርፊት በብዙ ቦታ የሳሳ ሆኖ ተገኘ። በ2021 ያወጡት ሌላ ጥናት የተጠቃሚዎቹ አንጎል በኤም አር አይ ሲታይ ከዕድሜያቸው ይልቅ ያረጀ እንደሚመስል፣ ይህም በጥገኞቹና ረጅም ጊዜ በወሰዱት ላይ እንደሚብስ አመለከተ። የፖፕ ባልደረባ ካናያማ በበኩሉ ለብዙ ዓመታት የተጠቀሙ ሰዎች ያዩትን ነገር ቦታና ቅርጽ በማስታወስ ከሌሎች እንደሚያንሱ አሳይቷል። እርግጥ ነው፣ እነዚህ ጥናቶች በአንድ ወቅት የተነሱ ፎቶግራፎች እንጂ ሰውን ከልጅነቱ ጀምረው የተከተሉ አይደሉም፤ ቀድሞ የነበረ ልዩነት ሊሆን ይችላል የሚል ክርክር አለ። ብርቱ ክርክር ነው። ሆኖም ልቡ እንደሚጎዳ ሲነገረው የሚያዳምጥ ሰው፣ ማሰቢያው ሊሳሳ እንደሚችል ለመስማትም መብት አለው። ስንቱ ጂም ውስጥ ይነገራል? የሚነገረው የቤንዋ ታሪክ ነው።

ቁጣ የታየበትን ሰው በቸልታ እንለፈው እያልኩ አይደለም። የምቃወመው ቁጣን ብቸኛ ምልክት ማድረጋችንን ነው። ሚስት ጩኸት ትጠብቃለች፤ ጩኸት ስለሌለ ደህና ነው ትላለች። አሠልጣኝ ጠብ ይጠብቃል። ሐኪም ዘንድ አንድ ወጣት «እንቅልፍ አጣሁ፣ ሥራ አስጠላኝ» ብሎ ቢመጣ፣ ትከሻው የበሩን ስፋት የሚያህል ቢሆን እንኳ፣ የሚጠየቀው ስለ ጭንቀትና ስለ ጫት ነው፤ ስለ መርፌ ቢጠየቅም «ትቆጣለህ?» ነው። አይቆጣም። የድባቴ መድኃኒት ታዞለት ይሄዳል፤ የቴስቶስትሮኑ መጠን አይለካም፣ የሆርሞን ሐኪም ዘንድ አይላክም። ከሳምንት በኋላ መድኃኒቱ ሳይሠራ ልጁ የሚያውቀውን ፈውስ ያስታውሳል፤ አዲስ ዙር ይጀምራል፤ ደስታው ይመለሳል። እናቱም እንደገና ጠባይህ ተስተካከለ ትለዋለች።

ከሐኪሙ ወንበር ላይ ሌላ ጥያቄ ቢጠየቅ እመርጣለሁ። መጨረሻ የተወጋኸው መቼ ነው? ከዚህ በፊት ስታቆም ሁለተኛው ወር ላይ እንዴት ነበርክ? መሞትን አስበህ ታውቃለህ? ይህ ሲጠየቅ ጊዜ ይወስዳል፤ ወጣቱም መጀመሪያ ይዋሽ ይሆናል። ስለ ቁጣው ሲጠየቅ ግን አልተቆጣሁም የሚለው እውነቱን ነው።